የአባባን ዋሻ ለሌባ አሳየሁት

ለምወድህና ዘወትር ለምናፍቅህ ታናሽ ወንድሜ ለሳቢኖ፤

ከዚህች ከትንሿ መንደራችን ተነስቶ አገር አቋርጦ፣ ተራራ ተሻግሮ፣ እዚያ ማዶ ባለው የባሕር ዳርቻ ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ትከሻህን ሰቅዞ የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ ወይስ አሁንም በብርድ ይነሳብሃል? ሥራስ እንዴት ይዞሃል? የጀልባ መጠገኛው አለቃ አሁንም ጥርሱን እንደሚያመው ሰው ሲነጫነጭ ይውላል? ባለቤትህ ግራሲዬላስ ደህና ናት? ሕፃኑስ ጥርስ አወጣ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ይህን "ደህና ነን" የሚለውን ቃል ስንት ዓመት ሙሉ በየደብዳቤው ስጽፍልህ ኖሬአለሁ፤ ዛሬ ግን ጽፌው ደግሜ አነበብኩት። ምክንያቱን እነግርሃለሁ፤ እስከ መጨረሻው ሳታነብ ግን ወደ ሥራህ እንዳትሄድ።

በመጀመሪያ የላክህልኝ ቀበቶ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጎማ ቀበቶ፣ ዘለበቱን በአንድ እጅ ሳብ ሲያደርጉት የሚፈታ፣ ስንጠልቅ ወደ ታች እንዲያወርደን የምንታጠቀውን የእርሳስ ብረት በአንዴ የሚጥል። ሚስቴ ኢልዳ ስታየው "ይሄ የልጃገረድ ቀበቶ ነው እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ፤ ጀልባው ላይም ሲያዩት አልማሩኝም። እንደምታውቀው እኛ እዚህ እርሳሳችንን በገመድ እናስርና ሁለቴ እንቋጥራለን፤ በጥብቅ የቋጠረ ጎበዝ ነው፣ ዘለበት የሚያምረው ደግሞ ከተሜ ነው። እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥግ ላይ ጥዬው ነበር።

ከቀበቶው ጋር የመጣው ደብዳቤህ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እሑድ እሑድ ጦርህን ይዘህ ብቻህን ወደ ባሕሩ ከሚገባው የመሬት ጫፍ ወዲያ እየጠለቅክ እንደሆነ ጻፍክልኝ። ከመጥለቅህ በፊት አርባ ጊዜ በፍጥነት ስትተነፍስ ትንፋሽህ እንደሚረዝም፣ ሦስት ደቂቃ ልትደፍን እንደቀረብክ እንደ ጀብዱ ነገርከኝ። ያንን ገጽ ለእማማ ሳነብላት ዘለልኩት። እሷም ሞኝ አይደለችም፤ "ወረቀቱ ሦስት ነበር፣ ያነበብከው ሁለት ነው" አለችኝ። ተቀምጬ ልቆጣህ ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ከአንተ ብሼ የተገኘሁት እኔው ስለሆንኩ በምን አፌ እቆጣሃለሁ? ስለዚህ የሆነውን ብቻ ልንገርህ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ እዚህ የተለወጠ ነገር የለም። አሁንም በዶን ኤቫሪስቶ ባለ ሸራ ጀልባ ስምንት ጠላቂዎች ስምንት ታንኳ ጭነን እንወጣለን፤ የኮራል ዐለቱ አጠገብ መልህቅ ሲጣል እያንዳንዱ ታንኳውን አውርዶ ለየብቻው ይበተናል። አሁንም ማንም ዓሣና ሎብስተር የሚያገኝበትን ቦታ ለማንም አያሳይም። ሰው ሲመጣብህ ካየህ መቅዘፊያህን ታስቀምጥና ገመድ እንደሚፈታ ሰው ታጎነብሳለህ፤ ሲያልፍልህ ትቀጥላለህ። ይህን ሁሉ ያስተማረን አባባ ነው። ሁለቱ የኮኮናት ዛፎች ከአሮጌው የመርከብ መብራት ቤት ጣሪያ ጀርባ ሲገጣጠሙ ቁሙ፣ ዋሻው ከእግራችሁ ሥር ነው፣ ይህን ከእናንተ ከሁለታችሁ በቀር የሚያውቅ እንዳይኖር ብሎ ያስማለን ቀን መቼም አይረሳህም። አንተ በመሐላው መሐል አስነጠስክና "አይቆጠርም" ብሎ ከመጀመሪያው አስጀመረህ። እዚያው ዋሻ ላይ፣ ማንም በሌለበት፣ ኮፍያውና ምሳው ታንኳው ውስጥ እንዳለ አባባ ከቀረ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሞላው።

መዥገሩ ፋውስቶንም አልረሳኸውም መቼም። የራሱ ቦታ ስለሌለው የሰው ጀርባ ላይ ተለጥፎ የሚኖር። ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ታንኳው ውስጥ የተኛ ይመስላል፤ ለካ ታቹ መስታወት የሆነውን ባልዲውን ውሃው ላይ አስቀምጦ የሰው ጓዳ እያየ ነው። አንድ ጊዜ አንተ ራስህ በመቅዘፊያ ልትለው ተነስተህ ታንኳው ተገልብጦብህ የሳቀብህን አስታውስ። ጀልባው ላይ ማንም ከእሱ ጋር የቶርቲያ ቂጣ አይቆርስም ነበር፤ እኔማ ስሙን እንኳ ለመጥራት እጸየፍ ነበር።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ወር መጨረሻ፣ ሐሙስ ቀን ነው። ከወጣን አራተኛ ቀናችን ነበር፤ ሰውነቴ ዝሎ ነበር፣ ቁርስም አልቀመስኩም። ነፋሱ ወድቆ ውሃው እንደ መስታወት ጠርቷል። ብቻዬን ወደ ዋሻው ቀዘፍኩ። ያን ቀን የአንተን ቀበቶ ታጠቅሁ፤ የአንተንም ምክር ልሞክር ብዬ ታንኳው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አርባ ጊዜ በፍጥነት ተነፈስኩ። ጣቶቼን ነዘረኝ፣ ራሴን ቀለለኝ፣ ደስ አለኝ። ወንድሜ፣ አንተ የላክሃቸውን ሁለት ነገሮች በአንድ ቀን ሞከርኩ፤ አንዱ ሊገድለኝ ነበር፣ አንዱ ለመትረፌ ምክንያት ሆነ።

ዋሻው በር ላይ አንድ ሜሮ ዓሣ ቆሞ ነበር፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ሜሮ ካየሁ ዓመታት አልፈዋል። ወጋሁት። እሱም ጦሬን ይዞ ወደ ውስጥ ገባና ጉንጩን ነፍቶ ድንጋዩ መሐል ተወተፈ። ጎተትኩት፣ እምቢ አለ። እግሬን ድንጋዩ ላይ አስደግፌ እንደገና ጎተትኩት። በደህናው ጊዜ ደረቴ መወራጨት ይጀምርና "በቃህ፣ ውጣ" ይለኛል፤ ያን ቀን ግን ምንም አላለኝም። አሥራ ስምንት ሜትር ውሃ ሥር ሆኜ ቤቴ የተኛሁ ያህል ተመችቶኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ልጎትት አልኩ፤ ደግሞም አንድ ጊዜ። በመጨረሻ ትቼው ተነሳሁ። የታንኳዬ ሆድ ከላይ ጥቁር ሆኖ ሲታየኝ፣ ብርሃኑም ሲሰፋ ትዝ ይለኛል። ኢልዳ የምትጠብሰው ዓሣ በሎሚ አማረኝ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የለም። ፍርሃት አልነበረም፣ ሕመም አልነበረም፣ "ልሞት ነው" የሚል ሐሳብ እንኳ አልመጣብኝም።

ስነቃ የፋውስቶ ፊት አፍንጫዬ ላይ ነበር። ያ ሁልጊዜ ኮፍያ የሚደፋበት ፊቱ በውሃ ርሶ፣ ዓይኑ ፈጥጦ፣ ፊቴ ላይ እፍ እያለ ጉንጬን በጥፊ ይመታኛል። "ተንፍስ! ኦቢዲዮ፣ ተንፍስ እንጂ አንተ! እኔ ሎብስተር ልሰርቅ መጣሁ እንጂ ሬሳ ልሸከም መጣሁ?" ይለኛል። እኔስ ምን አልኩት መሰለህ? ከንፈሬ ሰማያዊ ሆኖ፣ አንገቴን እንኳ ማቅናት ሳልችል፣ "እዚህ ምን ትሠራለህ?" አልኩት። እሱም "አስተነፍስሃለሁ! ሌላ ምን እሠራለሁ!" ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ ሁለታችንም ታንኳውን ይዘን አለቀስን። የሳቅ ይሁን የለቅሶ አላውቅም፤ እንባችን ግን ይወርድ ነበር።

በኋላ እንደነገረኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ ተከትሎኝ ኖሯል። በባልዲው ሲያየኝ ቆይቶ፣ ቀና ብዬ ስወጣ ሊሸሽ መቅዘፊያውን አነሳ። መጨረሻ ሦስት ሜትር ያህል ሲቀረኝ ግን እጆቼ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠሉ፤ ተመልሼም ወደ ታች መስመጥ ጀመርኩ። ከነልብሱ ከነኮፍያው ዘለለ። ደርሶ ሲይዘኝ እርሳሱ ሁለታችንንም ወደ ታች ይስበን ነበር፤ እጁን ወገቤ ላይ ሲሰድ የአንተን ዘለበት አገኘ፣ አንድ ጊዜ ሳብ፣ ቀበቶው ወረደ። እኔ በገመዴ ብሆን ኖሮ ያንን ድርብ ቋጠሮ ሲፈታ አብረን በቀረን ነበር። ስለዚህ ሳቢኖ፣ ሕይወቴን ከሰጠኝ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ እጆችህን እስማለሁ። ቀበቶህ አሁንም ዋሻው በር ላይ ነው፤ ልናወጣው እንችል ነበር፣ ግን ይሁን ብለን ተውነው።

ወደ ጀልባው ታንኳዬን እየጎተተ ሲወስደኝ የምፈራው ሌላ ነገር ነበር። ሁሉም ከብበው "የት ነው? የት አገኘኸው?" ብለው ጠየቁት። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የአባባ ዋሻ አለቀለት አልኩ። ፋውስቶ ግን ፊቱን ሳይቀይር "ማንግሮቩ ጫካ ጋ፣ ቁርጠት ይዞት ሲንፈራገጥ አገኘሁት" አላቸው። ዶን ኤቫሪስቶም "አንተ ደግሞ ማንግሮቩ ጋ ምን ትሠራ ነበር?" ሲለው "ተኝቼ ነበራ!" አለ። ሁሉም ሳቁበት። ሌባ ነው ስንለው የኖርነው ሰው ሕይወቴን ካዳነ በኋላ ምስጢሬንም ደበቀልኝ። ያን ዕለት ያፈርኩትን እፍረት በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ስትመረምረኝ ነገሩን አስረዳችኝ። ደረታችንን የሚያንፈራግጠው የአየር ማነስ አይደለም አለች፤ ሰውነት ተጠቅሞ የጨረሰው መጥፎ አየር ሲበዛ ነው። በፍጥነት ደጋግመህ ስትተነፍስ ያንን መጥፎ አየር ቀድመህ ታራግፈዋለህ፤ ደግ አየር ግን የጨመርክ ይመስልሃል እንጂ አልጨመርክም። ደወሉን አፍነህ ወረድክ ማለት ነው። ታች ሳለህ የውሃው ጭነት ስለሚያግዝህ ያለችህ አየር ትበቃሃለች፤ ስትወጣ ጭነቱ ሲቀል ግን በአንድ ጊዜ ትከዳሃለች። ለዚህ ነው ጠላቂ እላይ፣ ከፀሐይ ሥር፣ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው የሚሞተው አለችኝ። "ምንም ሳይሰማው፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው" አለች።

ይህን ስትለኝ አባባ ትዝ አለኝ። ሻርክ ነው ያሉ ነበሩ፣ ልቡ ነው ያሉም ነበሩ፤ እኛም ደፍረን አልተነጋገርንበትም። ቤት እንደገባሁ እማማ አጠገብ ተቀምጬ የሆነውን ሁሉ አንድ ሳልደብቅ ነገርኳት፤ ትጮኻለች ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ "ስለዚህ አልጠራኝም ማለት ነው?" አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው እማማ ስላት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አባባ እዚያ ሆኖ ስሟን እየጠራ ማንም ሳይሰማው የቀረ ይመስላት እንደነበር ነገረችኝ። አልጠራሽም፣ እንደ እኔ ስለ ምሳው እያሰበ ነው የተኛው አልኳት። "እሱማ ሆዱን ይወድ ነበር" ብላ ሳቀች፣ ከዚያ ረዘም አድርጋ አለቀሰች። ከዚያን ቀን ወዲህ እስኪነጋ ትተኛለች። እኔ ሞቼ ተርፌ ያተረፍኩት ይህ ብቻ ቢሆን እንኳ አመሰግናለሁ።

አሁን የምልህን ስማኝ፤ ታላቅህ ነኝ፣ የመምከር መብቴ ነው። ያንን አርባ ትንፋሽ ዛሬውኑ ተወው። ከመውረድህ በፊት ተኝተህ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ረጋ ብለህ ተንፍስ፤ ከዚያ አንድ ሙሉ ትንፋሽ፣ በቃ። ታች የቆየኸውን ሁለት እጥፍ እላይ ሳታርፍ አትመለስ፤ ዓሣው የትም አይሄድም፣ ቢሄድም ይሂድ። ስትወርድ ጆሮህ ተደፍኖ አልከፈትም ካለህ አታስገድደው፣ ተመለስ። ቀበቶህ ላይ እርሳስ አታብዛ፤ ትንፋሽህን አውጥተህ እንኳ ውሃው ላይ የምትንሳፈፍ መሆን አለብህ፣ የሚያሰምጥህን ያህል የምትታጠቅ ከሆነማ ድንጋይ አንገትህ ላይ ብታስር ይሻልሃል። ጦርህን በረጅም ገመድ ከተንሳፋፊ ጋር እሰረው፤ ዓሣው ዋሻ ውስጥ ሲገባብህ ልቀቀውና ውጣ፣ ተንፍስ፣ ገመዱ ይጠብቅሃል። እኔ ያንን ባደርግ ኖሮ ይህን ደብዳቤ በሌላ ወሬ እሞላው ነበር። የወጋኸውን ዓሣ ወገብህ ላይ አታንጠልጥል፤ ወዲያው ታንኳህ ውስጥ ጣለው፣ የደሙ ሽታ እንግዳ ይጠራብሃል። ላስቲኩ የተወጠረ ጦር ይዘህ ደግሞ ታንኳ ላይ አትውጣ፤ የዶን ኤቫሪስቶ ባት ላይ ያለው ጠባሳ የሻርክ አይደለም፣ የገዛ ወንድሙ ጦር ነው።

ይህ ሁሉ ግን አንድ ላይ ቢደመር ብቻህን ከሆንክ ዋጋ የለውም። ያ ዘለበትህ በጣም ጥሩ ዘለበት ነው፤ ነገር ግን ራሱን የሳተ ሰው ዘለበት አይፈታም። የፈታው እጅ የእኔ አልነበረም። አንዱ ሲወርድ አንዱ እላይ ሆኖ ያያል፤ ዓሣ አይፈልግም፣ ወሬ አያወራም፣ ያያል። ከወጣህም በኋላ ሰላሳ እስኪቆጥር ድረስ ዓይኑን ከፊትህ አያነሳም፤ አንዳንዱ ተንፍሶ፣ ስቆ፣ ከዚያ ነው የሚወድቀው። ፋውስቶ "ቆጠራዬን ሳልጨርስ እንዳትስቅብኝ" ይለኛል።

አዎ፣ ከፋውስቶ ጋር ነው የምጠልቀው። በሳምንቱ ወደ ዋሻው ወሰድኩት። ቦታውን በባልዲው ቢያየውም ምልክቱን አያውቅም ነበር፤ ሁለቱን ዛፎችና የመብራት ቤቱን ጣሪያ እንዴት እንደሚገጣጥም እጁን ይዤ አሳየሁት። ትክ ብሎ አይቶ "ይሄንን ለምን ታሳየኛለህ? እኔኮ ሌባ ነኝ" አለኝ። "ለዚህ ነው፤ ዓይን ያለህ አንተ ብቻ ነህ" አልኩት። ጀልባው ላይ እንዴት እንደሚያላግጡብን ብትሰማ! "ለአንድ ሜሮ ሁለት ሰው? ከነገ ጀምሮ ቄስም ይዘን እንውጣ!" ይላሉ። ይበሉ። ባለፈው ጉዞ ግን ሁለት ወንድማማቾች ታንኳቸውን ጎን ለጎን አድርገው ሲቀዝፉ አየሁ፤ እኔን ሲያዩ ገመድ እንደሚፈታ ሰው አጎነበሱ፣ እኔም እንዳላየ አለፍኩ።

ከአንተ ሳልጠይቅ በማሳየቴ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ዋሻው የሁለታችን ነበርና። መሐላ አፍርሻለሁ፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ስንት ጊዜ አሰብኩት፤ አባባ ያንን ዋሻ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለማንም፣ ለመዥገርም ቢሆን አሳይቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ እኔ ስጽፍ እሱ ከአጠገቤ ተቀምጦ "ይህንንም ጨምርበት፣ ያንንም ጨምርበት" ይለኝ ነበር።

እማማ በጣም ሰላም ብላሃለች፤ ለትከሻህ የዶሮ ስብ ቀባበት ትልሃለች። ኢልዳ ቀበቶህን የልጃገረድ ስላለችው ይቅርታ ጠይቃሃለች፤ ዘለበቱን የሠራው ሰው ቢገኝ ዓሣ ጠብሳ ልታበላው ተስላለች። ልጄ ኔሪ አጎቴ መቼ ይመጣል እያለች ነው፤ የላክህላትን ሥዕል ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች። ዶን ኤቫሪስቶም ሰላም በልልኝ ብሏል። ፋውስቶም ሰላም ይልሃል፤ "በመቅዘፊያ ልትለኝ የመጣህ ጊዜ ይቅር ብዬሃለሁ በልልኝ" ብሏል። ለግራሲዬላ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ይህንን ደብዳቤ ለእሷም አንብብላት፣ ገጽ ሳትዘል። ሕፃኑን በሁለቱም ጉንጩ ሳምልኝ።

እማማ ጠዋት ጠዋት በምትጸልይበት ጊዜ ከእኔ ስም ቀጥላ የፋውስቶን ስም መጥራት ጀምራለች። ከአንተ ስም በኋላ ግን ትንሽ ዝም ትላለች፤ ቦታ እየጠበቀችልህ ነው። ስለዚህ በመልስህ ሌላ ምንም ባትጽፍ እንኳ እሑድ እሑድ እላይ ሆኖ የሚያይህን ሰው ስም ጻፍልኝ።

ታላቅ ወንድምህ ኦቢዲዮ

ሳርተኔሃ፣ ቤሊዝ
ሰኞ፣ ኖቬምበር 10 ቀን 1986